ወደ ኋላ የጻፍኩት ቀን

ጡረታ ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር «ፈቃድዎ አልታወቀም» ብሎ አልከፈት አለ። ልጆቹ ሳቁ፣ ተራገሙ፣ አንዱ ስልኩን እየጎረጎረ የሆነ ቁጥር አገኘና በሩብ ሰዓት ከፈተው። እኔ ግን እጄን ላብ አጥምቆት ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። «እትዬ ሰዓዳ፣ ምነው? ደም ግፊትዎ ነው እንዴ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? እነሱ እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ዝንብ እሽ ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ ምክንያት ሰው ሲታሰር አይቻለሁ። ያውም በኔ ጥፋት።

ይህን ነገር ለልጆቼም ሙሉውን ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን ሥራ የለኝም፣ አለቃ የለኝም፣ ቆቦ ቤቴ በረንዳ ላይ ደብተር ይዤ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በታይፒስትነት ነው። ደመወዙን ተዉት፣ ሲነሳ ያሳፍራል። ያኔ የጽሕፈት መኪና እንደ ጠመንጃ ይመዘገብ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ከደህንነት ሰው ይመጣና መኪናዋ ላይ ያለውን ፊደል በሙሉ በአንድ ወረቀት አስመትቶ፣ የመኪናዋን ቁጥር ጽፎ፣ አስፈርሞኝ ይሄዳል። የተከለከለ ወረቀት ከተበተነ ከፊደሉ መልክ በየትኛዋ መኪና እንደተመታ ይለዩታል። የኔዋ መኪና «ረ» ስትመታ እግሩን ትቆርጠው ነበር። እና ከተማው ውስጥ ወረቀት ተበተነ በተባለ ቁጥር እኔ ቤቴ ገብቼ «ያ ረቢ፣ የወረቀቱ ረ ሙሉ ትሁን» እያልኩ ዱዓ አደርጋለሁ። ሳቁ እንጂ! ያኔ ግን አያስቅም ነበር።

አለቃዬም ፍርሃቱ ከኔ የባሰ ሰው ነበር። ያገለገለ ካርቦን ወደ ብርሃን ከተያዘ የተጻፈበት ይነበባልና፣ ጠዋት ቆጥሮ ይሰጠኛል፣ ማታ ቆጥሮ ይቀበለኛል፣ ከዚያ ጓሮ ወስዶ ራሱ ያቃጥለዋል። አንድ ቀን አንድ ካርቦን ጎደለብኝ። ለካ ቀሚሴ ላይ ተጣብቆ ከተማውን ዞሮ ቤቴ ገብቷል። ያገኘችው እናቴ ናት። በማግስቱ ስመልስለት አለቃዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቆቦ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተና ታይፒስት ፈለገ። ገባሁ። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያሉ ገበሬዎች ስንዴና ዘይት የሚቀበሉት በዚያ ቅርንጫፍ በኩል ነበር። ጋሽ ሐጎስን ያወቅኋቸው እዚያ ነው።

ጋሽ ሐጎስ የመዝገብ ቤቱ ሹም ነበሩ። አባታቸው ከደቡብ ትግራይ ለንግድ መጥተው ቆቦ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት፣ የዳሩትና የኳሉት እዚሁ ነው። እኔን «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ሰው ነበሩ። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አይተው ነው ወረቀት የሚነኩት። ስም ጽፈው ሲጨርሱ ጮክ ብለው ያነቡታል። «አህመድ ሰይድ ይማም። የትኛው አህመድ? የሮቢቱ ነው የዋጃው?» ይሉኛል። አላውቅም ካልኩ ግቢ ወጥተው ሰው ይጠይቃሉ እንጂ አያልፉትም። «አንድ አህመድ ተሳሳትሽ ማለት የአንድ ቤት ሰው ጾሙን አደረ ማለት ነው» ይላሉ። ሥራን እንደ ሥራ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በፊት እኔ ፊደል የምመታ እንጂ የምሠራ ሰው አልነበርኩም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሦስት ካርቶን በመኪና መጣ። ኮምፒዩተር! ቆቦ ውስጥ ስሙን እንኳ የሰማ ጥቂት ነበር። አብሮት አንድ ፈረንጅ መጣ፣ እኔንና ጋሽ ሐጎስን ሁለት ሳምንት አስተምሮ ተመለሰ። የመጣው ፕሮግራም የተረጂዎችን ስምና የቤተሰብ ብዛት ይይዝና ለማን ስንት ኪሎ እንደሚደርስ አስልቶ ዝርዝሩን ያትማል። በታይፕ ሳምንት የሚፈጀውን በግማሽ ቀን ሲያወጣው ጉድ አልን።

ግን ጠርጣራ ነበር። የሠሩት ሰዎች እንዳይሰረቅባቸው ብለው ይሆናል፣ በከፈታችሁት ቁጥር ዋናዋን ዲስኬት አምጡ ይላል። ግልባጯን ብትሰጡት ያውቃል፣ አይቀበልም። ፈረንጁ «ሌባ እንዳይጠቀምበት ነው» ሲለን ጋሽ ሐጎስ በአማርኛ «ቆቦ ውስጥ የበግ ሌባ እንጂ የፕሮግራም ሌባ የት አለ?» ብለውኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ያቺ ዲስኬት ግን ነፍሳችን ሆነች። የራያን ሜዳ አቧራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ በዝግ መስኮት ይገባል። ጋሽ ሐጎስ ዲስኬቷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በላስቲክ ደግመው፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጧታል። ሲያወጧት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። አንድ ቅንጣት አሸዋ ከነካት አለቀልን ማለት ነዋ።

በዚህ ላይ ጓድ ታምራት መጣ። ጓድ ታምራት የወረዳው የደህንነት ሰው ነው። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየና «ይህ ያባዛል?» አለ። «ያትማል» አልነው። «ያው ነው» አለና ከማባዣ መኪኖች ጋር መዘገበው። የፊደል ናሙና ስጡኝ ሲል የላቲን ፊደል ብቻ እንደሚያውቅ ነገርነው፤ ያንኑ አሳትሞ፣ አስፈርሞ ወሰደ። ማታ ማታ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ማኅተም ያደርግበታል፣ ጠዋት እሱ ሳያይ አይከፈትም። ደግሞም መዝገብ አዘጋጁ አለ፤ ማሽኑን የነካ ሁሉ ስሙን፣ ሰዓቱን፣ የሠራውን ይጽፋል፤ ማሽኑ ቢበላሽ ያበላሸው ሰው ይጽፍና ይፈርማል። እንግዲህ ማሽኑ እኛን ይጠረጥራል፣ ጓድ ታምራት ማሽኑንም እኛንም ይጠረጥራል፣ እኔ መሐል ላይ ነኝ። እንዲህ ሆኜ ነበር ሥራ የምገባው፣ በየቀኑ።

ማሽኑ ጠዋት ሲበራ የመጀመሪያ ጥያቄው «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» የሚል ነበር። ጄኔሬተሩ ማታ ሲጠፋ ቀኑ አብሮ ይጠፋበታል። የሚፈልገው የፈረንጅ ቀን ነው። ቀኑን የሚጽፉለት ጋሽ ሐጎስ ብቻ ነበሩ፤ ግድግዳው ላይ ሁለቱንም ቀን የያዘ ካላንደር ሰቅለው እሱን አይተው ይጽፋሉ። እኔ አንድ ቀን በነሐሴ ለመሞከር ብዬ የኛን ቀን፣ ሰባ ዘጠኝን ጻፍኩለት። የተሳሳተ ቀን ነው ብሎ መለሰብኝ። ጋሽ ሐጎስ አዩና «ተይው፤ ከሰማንያ በፊት ያለውን ዘመን አያውቀውም። ጳጉሜንማ ከነጭራሹ!» አሉኝ። ሳቅን፣ ረሳሁት።

ዝርዝሩ ሲታተም ታዲያ ራስጌው ላይ የፈረንጅ ቀን ይወጣል። ጋሽ ሐጎስ በእስክሪብቶ ሰርዘው የኛን ቀን ከላዩ ይጽፉና ይፈርሙበታል። ዝርዝሩ የወረዳው ማኅተም ካላረፈበት እህል ከመጋዘን አይወጣም፤ ማኅተሙ እንዲያርፍ የሚፈቅደው ደግሞ ጓድ ታምራት ነው።

ሰማንያ ዓመተ ምሕረት በገባ በጥቅምት፣ ጋሽ ሐጎስ የአክስታቸውን ሞት ሰምተው ለለቅሶ አላማጣ ሄዱ። የዋጃ ሰዎች ዝርዝር በእጄ ነበር። ሰዎቹ ከትናንት ጀምሮ አህያቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ናቸው። እኔ እንደ ጋሽ ሐጎስ የፈረንጁን ቀን ሰርዤ፣ የኛን ጽፌ፣ ለጓድ ታምራት ወሰድኩለት። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ላይ ማኅተም አይደረግም» አለ። «አዲስ መመሪያ ነው።»

«ሳልሰርዘው ላምጣዋ ጓድ?»

«ሰማንያ ሰባት የሚል? ሰባት ዓመት ቀድማችሁን ሄዳችሁ? ባልደረስንበት ዘመን ላይ ማኅተም አላሳርፍም። በትክክለኛው ቀን አትሚና አምጪ።»

ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ ያሉት ሴቶች «እህስ? ተፈቀደ?» እያሉ ከበቡኝ። ቢሮ ገብቼ ማሽኑን አየሁት። ያኔ ነው ነሐሴ ላይ የሆነው ትዝ ያለኝ። ያኔ አልቀበልም ያለው ሰባ ዘጠኝ ስለነበር ነው፤ አሁን ሰማንያ ገብቷል! ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ቀኑን ሲጠይቀኝ ጥቅምትን ሁለተኛ ወር ብዬ፣ ቀኑን፣ ከዚያ ሰማንያን ጻፍኩለት። ተቀበለ። አልሐምዱሊላህ! አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ጋሽ ሐጎስ ያላዩትን ብልሃት አየሁ ብዬ ደረቴ አበጠ።

ዲስኬቷን ከጨርቁ አውጥቼ አስገባኋት። ትንሿ መብራት ከወትሮው አብዝታ በራች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ይህ ያለ ፈቃድ መጠቀም ነው፣ ፕሮግራሙ ተቆልፏል ይላል። ከሥሩ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም መስመር አለ። ይህን ለሻጩ አስታውቀው የመክፈቻ ቁጥር ይቀበሉ ይላል። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ የፈረንጁን ቀን በትክክል ጻፍኩለት። አልሰማኝም። አንዴ ሌባ ብሎኛል፣ በቃ።

ለካ የሠሩት ሰዎች አንዳንዱ የጊዜ ፈቃዱ ሲያልቅበት ቀኑን ወደ ኋላ እየመለሰ እንዳይጠቀምበት ወጥመድ አስቀምጠውበታል። የነሱ ሌባ ቀኑን የሚመልሰው በወር በሁለት ወር ይሆናል፤ እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ መለስኩት! የኛ ዘመን ከነሱ እንደሚያንስ ያንን ወጥመድ የሠራ ሰው ከየት ያውቃል? ይህን የተረዳሁት ግን በኋላ ነው። ያን ቀን የተረዳሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አሻጥር። በዚያ ዘመን የመንግሥትም የእርዳታም ንብረት ያበላሸ ሰው ስሙ አሻጥረኛ ነው፣ የአሻጥረኛ መጨረሻ ደግሞ ይታወቃል። መዝገቡን ከፈትኩና በስሜ ትይዩ «በራሱ ተቆለፈ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ጋሽ ሐጎስ በማግስቱ መጡ። ገና ጥቁር ልብሳቸውን አላወለቁም። ጽሑፉን አነበቡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጓለይ፣ ምን ነካሽበት?»

«ምንም።»

«ቀኑን ማነው የጻፈው?»

«እንደርስዎ ነው የጻፍኩት። ወላሂ፣ ምንም አልነካሁበትም።»

ትንሽ አዩኝ። «ወላሂ ካልሽ በቃ» አሉ። «ማሽኑ ነው እንግዲህ።» ቁጥሩን በወረቀት ገልብጠው፣ ሦስቴ አስተያይተው፣ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ለመንገር ወደ ስልክ ቤት ሄዱ።

የዚያን ጊዜ የቆቦ ስልክ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። መስመሩ ሲገኝ ካልጮኻችሁ አይሰማም። ጋሽ ሐጎስ ወንበሩን በሞላው ሰው ፊት፣ በትግርኛ በሚከብድ ድምፃቸው፣ «ኤ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ኬ፣ ዜሮ! አልተሰማም? ኬ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጦርነቱ ከራያ ተራሮች ማዶ ነው። ስማቸው ሐጎስ ነው። መስመሩን ሳይጨርሱ ከኋላቸው እጅ መጣና ስልኩን ከእጃቸው ወሰደው።

እኔ የሰማሁት በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሚስታቸው እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ቢሮ መጡ። «ሰዓዳ፣ ቁጥር አነበበ ነው የሚሉኝ! ቁጥር ያነበበ ሰው ይታሰራል እንዴ?» ወንበር ሰጠኋቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው። እኔው ነኝ የሚለውን ግን አፌ እምቢ አለ።

እህሉ ግን ታደለ፤ ይህንንም ልናገር። ጋሽ ሐጎስ ለካ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አላመኑትም ነበር፤ እያንዳንዱን ስም በአማርኛ በእጃቸው መዝገብ ላይ ይዘውታል። የቅርንጫፉ ኃላፊያችን ያንን መዝገብ አስገለበጠኝ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ፣ በኛ ቀን። ማኅተም አረፈበት፣ የዋጃ ሰዎች ጭነው ሄዱ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። መዝገቡ መሳቢያቸው ውስጥ ነበር እኮ! ያን ቀን ያንን ብከፍት ኖሮ ማሽኑን መንካት አያስፈልገኝም ነበር።

ኃላፊያችን ቁጥሩን በታሸገ ደብዳቤ ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። ከዚያ ወደ ውጭ አገር ተጠይቆ መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። እኔና እትዬ ለተብርሃን በየቀኑ ስንቅ እንወስዳለን። በር ላይ ሳህኑን ይቀበሉናል፣ ባዶውን ይመልሱልናል፣ ሰውየውን አያሳዩንም። በአምስተኛው ቀን ከሳህኑ ጋር መነጽራቸውን መለሱልን። አንዱ መስታወት የለም፣ አንዱ ተሰንጥቋል። እትዬ ለተብርሃን በነጠላቸው ጠቀለሉትና መንገድ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ «ተነሱ እትዬ፣ ሰው ያየናል» አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያልኩት እሱን ነው። ሰው እንዳያየን!

ፍርሃት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ አድርጌ «ነገ እነግራቸዋለሁ» እላለሁ፤ ጠዋት በሩ ላይ የተለጠፈውን ማኅተም ሳይ እተወዋለሁ። ብናገር ሁለታችንንም ያስሩናል እንጂ እሳቸውን አይፈቱም እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። አባቴን አስባለሁ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለ እኔ ሰው የላቸውም። ሰው ላለመናገር የሚያገኘው ምክንያት አያልቅበትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኃላፊያችን የመክፈቻውን ቁጥር ይዞ ተመለሰ። አስገባሁት፣ ተከፈተ፣ የዋጃ ስሞች በሙሉ እንደነበሩ አሉ። በዚያው ሰዓት ጓድ ታምራት ሊያይ መጣ።

«ነገ ጠዋት ሰውየው ወደ ደሴ ይላካል» አለ ለኃላፊያችን። «ጉዳዩ ከኛ በላይ ሆኗል።»

በዚያ ጊዜ ከቆቦ ወደ ደሴ ተልኮ የተመለሰ ሰው አላውቅም ነበር። ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም።

«ጓድ፣ ቀኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«የቱን ቀን?»

«የማሽኑን። ስርዝ ድልዝ አልቀበልም ብለው የመለሱልኝ ዕለት። የኛን ቀን ስጽፍለት ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የሄደ መሰለው፣ ሌባ ብሎ ቆለፈኝ። ጋሽ ሐጎስ በስልክ ያነበቡት የመክፈቻውን መጠየቂያ ነው። እሳቸው አያውቁም።»

«መዝገቡ ላይ በራሱ ተቆለፈ ብሎ የፈረመው ማነው ታዲያ?»

«እኔ። ዋሽቼ ነው።»

ሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ልታድኚው ነው። የኢትዮጵያን ቀን ሲጽፉለት የሚቆለፍ ማሽን ካለ ማሽኑ ራሱ ፀረ ሕዝብ ነው ማለት ነው!»

«ራስዎ ይሞክሩት» አልኩት። ይህን ድፍረት ያኔ ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። አጠፋሁለት፣ አበራሁለት። በአንድ ጣቱ እየለቀመ ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰማንያን ጻፈ። ተቀበለው። «ይኸው!» አለ፣ ዞሮ እያየኝ። እኔም ያን ቀን እንዲሁ ነበር ያልኩት። ዲስኬቷን አስገባሁ። መብራቷ በራች፣ በራች፣ በራች። ከዚያ ያ ጽሑፍ መጣ። ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን ከበፊቱ ሌላ ነበር።

«ቁጥሩ ተለወጠ» አለ።

«በተቆለፈ ቁጥር ይለዋወጣል ጓድ። ለዚህ ነው በስልክ መጠየቅ ያስፈለገው።»

«እንደነበረ መልሺው።»

«አልችልም። ያን ቀንም አልቻልኩም።»

ያኔ ኃላፊያችን፣ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ የሚንተባተብ ሰው፣ የማሽኑን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደ። የዕለቱን ገጽ ገለጠ፣ እስክሪብቶ አስቀመጠበት፣ ጓድ ታምራት ፊት አኖረው።

«ጓድ... በመመሪያው መሠረት... ማሽኑ ሲበላሽ የነካው ሰው... እዚህ ላይ ቢፈርሙልን።»

ከየዋህነት ይሁን ከብልጠት፣ እስከሚሞት ጠይቄው አልነገረኝም። ጓድ ታምራት እስክሪብቶውን አየ፣ ጽሑፉን አየ። ጆሮው ቀላ። መዝገቡን ከደነው። «ይህ አይመዘገብም» አለ። ቆይቶ፣ ወደ በሩ እየሄደ፣ «ሰውየው ፈርሞ ይውጣ» አለ። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ወር በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው እል ነበር፤ አልመጣም።

ጋሽ ሐጎስ በዚያው ቀን ከሰዓት ወጡ። እቤታቸው ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፣ አንገታቸው ግን ውስጡ ጠፍቷል። ያለ መነጽር ሌላ ሰው መሰሉኝ። እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ሰማሁ» አሉ። «ለታምራት ነገርሽው አሉኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ። ፈርቼ ነው።»

ወደ ግድግዳው እያዩ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። «መዝገቡ ላይ ስምሽ አለ። ልጅቷ ነች ወይ እያሉ ነበር የሚጠይቁኝ። አይደለችም አልኩ። ማል አሉኝ። እኔ እድሜዬን ሙሉ ምዬ አላውቅም ጓለይ፣ አባቴም አይምልም ነበር። በማርያም ማልኩ። አልነካችም ብዬ።» እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «ወላሂ ብለሽኝ ነበራ።»

ቢመቱኝ በወደድኩ። እትዬ ለተብርሃን አንስተው አስወጡኝ።

ሳምንት ሊሞላ ሲል ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዙ አልተቆጡኝም። «አላህን ይቅርታ ለምኚ» አሉኝ። «የውሸት መሐላ ካሳው አሥር ሚስኪን ማብላት ነው። ካልቻልሽ ሦስት ቀን ጹሚ።» በዚያ ዓመት አሥር ሚስኪን የሚያበላ ቤት ማን ነበረው? መጾም ጀመርኩ።

ጋሽ ሐጎስ በሳምንቱ ሥራ ገቡ። ከወልዲያ አዲስ መነጽር አስመጥተዋል። እጃቸውን ታጠቡ፣ መዝገባቸውን ገለጡ፣ «ደህና አደርሽ» አሉኝ፤ ጓለይ አላሉኝም። እንዲህ ሆነን ሁለት ቀን ዋልን። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ የቆቦ ፀሐይ ጣሪያውን ሲያስጮኸው፣ ጀሪካኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ምነው ውሃ አትጠጪም? ረመዳን ገባ እንዴ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ?»

«የመሐላዬን ነው። አባቴ ሦስት ቀን ነው ያሉኝ። ዛሬ እጨርሳለሁ።»

ከመዝገባቸው ቀና አሉ። «ሦስት?»

«ሦስት።»

«የንስሐ አባቴ ለኔ አርባ ሰጡኝ እኮ! ዋሽታ ያስማለችኝ እሷ፣ አርባ ቀን የምጾመው እኔ!» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው፣ እንደገና ሳቁ። እኔ ግን ለቅሶዬ መጣ።

«ስንት ቀረዎት?» አልኳቸው።

«ሠላሳ አራት።»

በማግስቱም ውሃ አልጠጣሁም። በሚቀጥለውም። ጋሽ ሐጎስ አዩኝ፤ አንድ ቀን የኔን ወንበር ከመስኮቱ ሐሩር ወደ ጥላው ሳቡልኝ። እሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾማቸውን ይፈታሉ፤ እኔ የምሽቱን አዛን፣ ማግሪብን እጠብቃለሁ። ሠላሳ አራቱንም ቀን እንዲያ ሆነን ስንዴ ስንመዘግብ ዋልን።

በመጨረሻው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እትዬ ለተብርሃን የላኩት ምሳ ተሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ አለ። ጋሽ ሐጎስ አልከፈቱትም። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ፤ ይጽፋሉ።

«ጋሼ፣ ምሳዎ» አልኳቸው።

«ቆይ እንጂ ጓለይ» አሉኝ፣ ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ፣ «ያንቺ አዛን ይበል።»